የሙሉ ጠያቂዎች

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ! ይህን ምስክርነት ሁልጊዜ የምትናገረው ባለቤቴ አስካለ ናት። የእኔ ሥራ ከጎኗ ቆሜ «አሜን» ማለት ነበር። ዛሬ ጉንፋን ድምፅዋን ዘግቶባት ተራው ለእኔ ደረሰ። እዚያ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ በዓይኗ ትቆጣጠረኛለች፤ ከተሳሳትኩ ራሷን ትነቀንቃለች። እንግዲህ እናንተም እሷን እያያችሁ ስሙኝ።

ልመሰክር የምፈልገው ጌታ በልጃችን በሙሉ እግር ስላደረገው ነገር ነው። በእግሯ ብቻ አይደለም፣ በእኔም ልብ ላይ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ጠማማ እንደነበር አስካለን ጠይቋት። ስሙ ይክበር!

አሁን ከልጆቻችን ጋር እዚህ ደሴ ብንኖርም አገራችን ላስታ ነው፤ ከብልባላ ወደ ላይ ዳገቱን ወጥቶ። ገብስና ባቄላ የምናበቅል ገበሬዎች ነበርን። ጊዜው ደርግ ነው፤ የገበሬ ማኅበር ተቋቁሞ ስብሰባ በስብሰባ የሆንበት ዘመን። እኔ ያን ጊዜ ጾሙን የምጾም፣ በዓሉን የማከብር፣ በአፌ ግን የማልቻል ሰው ነበርኩ። ሰው አንድ ቃል ሲለኝ ሁለት ካልመለስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይኸው፣ አስካለ ራሷን አልነቀነቀችም፤ ልክ ነኝ ማለት ነው።

ሙሉ የመጀመሪያ ልጃችን ናት። የተወለደች ዕለት እኔ ደጅ ቆሜያለሁ። ሴቶቹ እልልታውን ጀመሩና መሐል ላይ አቋረጡት። ደንግጬ «ሞተች?» ብዬ ጮህኩ። «ኧረ ደኅና ናት፣ ምን ሆነህ ነው!» አሉኝ። ገብቼ ሳያት ፊቷ ደኅና፣ እጇ ደኅና። አዋላጇ ግን የጨርቁን ጫፍ ደጋግማ ወደ ታች ትስባለች። ገለጥኩት። ሁለቱም እግሮቿ ወደ ውስጥ ተቆልምመዋል። መርገጫቸው ዞሮ ውስጥ እግሮቿ ፊት ለፊት ይተያያሉ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። አገሬው ጨካኝ ሆኖ አይደለም ወገኖቼ፤ ሰው የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ምክንያት ይፈልጋል። አንዷ አስካለን «ስታረግዢ ገመድ ተሻግረሽ ይሆናል» ትላታለች። ሌላው «የአያት እርግማን ነው» ይላል። ጎረቤታችን አያ ደሳለ ደግሞ ፊት ለፊቴ ቆመው «ይኸ የማን ኃጢአት ይሆን?» አሉኝ። የመለስኩላቸውን በዚህ በተቀደሰ ቦታ አልደግመውም። አፌ ቢመልስላቸውም ጥያቄው ግን ልቤ ውስጥ ቀረ። በሬ ስጠምድ የማን ነው? ሳጭድ የማን ነው? የእኔ ነው ወይስ የእሷ? አስካለን በጎን ማየት ጀመርኩ። እሷም እኔን በጎን ታያለች። በአንድ ጣራ ሥር እየተያየን የማንነጋገር ሰዎች ሆንን።

ስሟን ያወጣችው አስካለ ናት። «ሙሉ ትባል» አለች። ሰዉ «ሙሉ? በምኗ?» ብሎ ከንፈሩን ሲመጥ፣ «እኔ ስጠራት ትሰማኛለች፤ ይበቃል» አለች።

ወጌሻ ጠራን። አባባ ንጋቱ ይባላሉ፤ እጃቸው የተመሰከረለት ሽማግሌ ናቸው። እግሯን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ፣ የተሰበረ እጠግናለሁ፣ የወለቀ እመልሳለሁ። ይህ ግን አልተሰበረም፣ አልወለቀም። እንዲሁ ነው የተፈጠረው። እጄን ባስገባበት አበላሸዋለሁ። ደሴ ሐኪም ቤት ውሰዷት፣ አጥንቷ ሳይጠና» አሉኝ። ጌታ እኚያን ሽማግሌ ይባርካቸው! «ይህን አላውቅም» የሚል ሰው ስንቱን ሕፃን ያተርፋል!

የነፍስ አባታችንም «ክርስትናዋ ይድረስና ሂዱ፤ መንገዱ ክፉ ነው» አሉን። ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና እንደተነሳች ባርከው ሸኙን። የገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት ሰጠን። እስከ ላሊበላ በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና። ሾፌሩ የወሎ ሙስሊም ነው፤ ደግ ሰው። አስካለን ከነልጇ ጋቢና አስገብቶ እኔን ከጆንያው ጋር ከላይ ጫነኝ። ገደሉን ባየሁ ቁጥር ስጮህ፣ «አብሽር የልጅቱ አባት! አላህ ያለው ነው!» እያለ ይነዳል።

እዚሁ ደሴ ሐኪም ቤት ደረስን። ሐኪሙ ወጣት ነው። እግሯን አገላብጦ አየና «ጥሩ ጊዜ ነው የመጣችሁት» አለን። ሙሉ ከተወለደች ጀምሮ ስለ እግሯ «ጥሩ» የሚል ቃል ስንሰማ የመጀመሪያችን ነው። አስካለ እዚያው ቆማ አለቀሰች።

«እንጨት የሚቃናው በእርጥቡ ነው» አለን ሐኪሙ። «እግሯን በእጄ ቀስ ብዬ ወደ ቦታው እገፋውና በጀሶ አስረዋለሁ። በሳምንቱ ጀሶው ይፈታል፤ ደግሞ ትንሽ እገፋለሁ፣ ደግሞ አስራለሁ።»

«እስከ መቼ ዶክተር?»

«እስኪቃና ነው። ወራት ይፈጃል።»

«እኛኮ የላስታ ሰዎች ነን። በየሳምንቱ እንዴት ተመላልሰን እንችለዋለን?»

«እንግዲያው አትመላለሱ፤ እዚሁ ሁኑ» አለኝ። ለእሱ ቀላል ነው!

ጀሶውን ከጣቶቿ ሥር ጀምሮ እስከ ጭኗ ጠቀለለው። «ውሃ እንዳይነካው። ጣቶቿን ደግሞ ቶሎ ቶሎ እዩ፤ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ እየሮጣችሁ አምጧት» አለን። ሙሉ እሪታዋን ለቀቀችው። ወጥተን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ዘመድ የለን፣ ማረፊያ የለን። ከሄድን እግሯ እንደተቆለመመ ሊደርቅ ነው፤ ከቀረን የት እንደምናድር አናውቅም። እኔ ተስፋ ቆርጬ «ተነሺ እንመለስ፤ የተፈጠረችበትን ማን ይሽረዋል» አልኳት። አስካለ ቀና ብላ አየችኝና «ያንተ እግር ቀጥ ያለ ነው፤ አንተ ተመለስ። እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለችኝ። እንዲህ ዓይነት ሚስት ስለሰጠኝ ጌታ ይመስገን! አሜን ነው ወይ?

እዚያው ተቀምጠን ሳለ አንዲት ሴት ዳቦ በዘንቢል ይዛ ከሕሙማን ክፍል ወጣች። እትዬ ብርቄ ናት። ባሏ የሞተባት፣ በሰፈሯ የተከበረች የደሴ ሴት ናት፤ ሕሙም መጠየቅ ልማዷ ነው። የሙሉን ለቅሶ ሰምታ ወደ እኛ መጣች፣ ቁጢጥ አለች፣ ከጀሶው ጫፍ የወጡትን ጣቶች በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። «ይሞቃሉ፤ ተመስገን» አለች። ቀጥላ «ማረፊያ አላችሁ?» አለችን።

«የለንም።»

«እንግዲያው ተነሱ። እኔም ብቻዬን ነኝ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። የማን ዘር ናችሁ፣ ምን አድርጋችሁ ነው፣ አላለችንም። የውስጠኛውን ክፍል ለቀቀችልን። በእኛና በእሷ መካከል መጋረጃ ብቻ ነበር።

አሁን የእኔን ነገር ስሙ። ጀሶ በተቀየረ ቀን ወደ ማታ ግድም እትዬ ብርቄ ቤት ሰው ይመጣል። ግን ተሰብስቦ አይመጣም፤ አንድ በአንድ፣ እየተጠባበቀ። የገባው ሁሉ አስቀድሞ የሙሉን ጣቶች ይነካል፣ «ሞቀዋል?» ይላል፣ ከዚያ ይቀመጣል። በሩ ይዘጋል። ድምፅ ዝቅ ይላል። እኔ መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ይህን ሳይ ልቤ ቀጥ አለ። ዘመኑን የኖራችሁበት ታውቁታላችሁ፤ በሹክሹክታ ያወራ ሰው የሚታሰርበት ጊዜ ነው። አስካለን «እነዚህ ሰዎች ፖለቲከኞች ናቸው። ነገ ሲለቅሟቸው እኛንም ይጨምሩናል» አልኳት። «ጥሩ፤ ሌላ ቤት ፈልግና እንሄዳለን» አለችኝ። ሌላ ቤት እንደሌለኝ እያወቀች!

ጉዱን ልስማ ብዬ ጆሮዬን መጋረጃው ላይ ለጠፍኩ። ስለ መንግሥት ሊያወሩ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ አንድ ሽማግሌ በሹክሹክታ «አባት ሆይ፣ የሙሉን ግራ እግር አደራ። ቀኙ እሺ ብሏል፤ ግራው ነው ያስቸገረው። የሐኪሙን እጅ ምራው» ይላሉ። ወገኖቼ፣ ግራው ወደ ኋላ መቅረቱን እኔ አባቷ ልብ አላልኩም ነበር! እነሱ ከሰማይ አምላክ ጋር ስለ ልጄ ግራ እግር ይነጋገራሉ፣ ያውም አጠገባቸው እንደተቀመጠ ሰው።

ቀጥለው ዘመሩ። በሹክሹክታ ሲዘመር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ትንፋሽ ይሰማል፣ ድምፅ የለም። የጸሎት ቤታቸው ታሽጎባቸው ነው እንዲያ የሚያደርጉት። ዛሬ ጊታሩም ማጉያውም አለን፣ ጌታ ይመስገን። እንደዚያ ያለ መዝሙር ግን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ብርቄን «ጴንጤ ናችሁ እንዴ?» አልኳት።

«ነን። ትፈራለህ?»

«አዎ፣ እፈራለሁ።»

«እኛም እንፈራለን» አለችና ሻይ ቀዳችልኝ።

ያን ጊዜ ያ ሲያቃጥለኝ የከረመው ጥያቄ ከአፌ ወጣ። «እትዬ፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ይህ የማን ኃጢአት ነው?» አልኳት።

«ይህን ከአንተ በፊት የጠየቁ አሉ» አለችኝ። ከተወለደ ጀምሮ ዓይነ ስውር ስለሆነው ሰው በቃሏ አወራችልኝ። ደቀ መዛሙርቱ «የእሱ ኃጢአት ነው ወይስ የወላጆቹ?» ብለው እንደጠየቁ፣ ጌታም የእሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ እንደነገራቸው።

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። «ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ጎንበስ ብሎ ጭቃ ለወሰ። ለውሶ ዓይኑን ቀባው፣ ሂድና ታጠብ አለው። አንተ ሐኪሙ ጀሶ ሲለውስ ባየህ ቁጥር እግዚአብሔር የተወህ ይመስልሃል። የኔ ጌታ ጭቃ ለውሶ ያውቃል» አለችኝ።

ሃሌ ሉያ! ሃሌ ሉያ! ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩት። አስካለ ሙሉን እያጠባች ነው። «አስካለ» አልኳት፣ «የእኔ አይደለም። ያንቺም አይደለም» አልኳት። ምን እንደምል ወዲያው ገባት። እሷም ለካ ያንኑ ጥያቄ ብቻዋን ተሸክማው ኖሯል! ሁለታችንም ተቃቅፈን አለቀስን፤ ሙሉም አብራን አለቀሰች። በዚያ ጠዋት እትዬ ብርቄ እጇን ጭናብን ጸለየች፣ ሕይወታችንን ለጌታ ሰጠን። ክብር ለስሙ ይሁን!

አሁን ሁሉ ነገር ተቃና እንዳትሉ። ከዚያ በኋላ ባንዱ የጀሶ ቀን፣ ቤቱ ሞልቶ ሳለ፣ በሩ ተንኳኳ። አንኳኩ አይባልም፣ ደበደቡት። የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጥበቃ ከኋላው አለ።

«ይህ የምን ስብሰባ ነው?» አለ።

«ሕሙም ጥየቃ ነው» አለች እትዬ ብርቄ። ውሸት አይደለም፤ ሙሉው እውነትም አይደለም። ጌታ ይቅር ይበላት ብዬ እኔ ልጸልይላት አልደፍርም!

ሊቀመንበሩ ሰዉን እየገፋ ገባ። መሐል ላይ ሙሉ አጎዛ ላይ ተንጋላለች። ሁለቱን ጀሶዎቿን አንስታ ቋ! ቋ! እያደረገች ታጋጫቸዋለች፤ ጨዋታዋ ነበር። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አያት። ጭኗ ድረስ የተጠቀለለውን ነጭ ነገር አየ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ሳያስበው «እግዜር ይማራት» አለ።

ቤቱ በሙሉ «አሜን!» አለ። ያ ለወራት ከትንፋሽ በላይ ያልተናገረ ሕዝብ ጣራው እስኪነቃነቅ «አሜን!» አለ። ያን ጊዜ ካድሬ የእግዜርን ስም አይጠራም። ሰውየው ደንግጦ ቀና አለና «ማለቴ፣ ይሻላታል» አለ። ጠባቂው ወደ ጣራው ያያል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ አባቷ ነህ? የባላገር ሰው ትመስላለህ፤ አትዋሸኝም። እነዚህ ሰዎች እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

ወገኖቼ፣ የይለፍ ወረቀቴ ኪሴ ውስጥ ነው። «አላውቃቸውም፣ መንገደኛ ነኝ» ብል ልጄን አዝዬ እወጣለሁ። ግን እትዬ ብርቄ ትታሰራለች፣ ቤቷ ይታሸጋል፣ የሙሉ ግራ እግርም ገና አልተቃናም። አስካለ ታየኛለች። ያ ለሰው ሁለት ቃል የሚመልሰው አፌ ደረቀ። በልቤ «ጌታ ሆይ» ብቻ አልኩ።

«ልጄን ይጠይቃሉ» አልኩት። «በአገሬም ሰው ጠይቆን ነበር፤ የማን ኃጢአት ነው ብሎ። እነዚህ ግን የሚጠይቁን ጣቶቿ ሞቀዋል ወይ ብለው ነው። እነሱን ካጣን ልጄ በእግሯ አትሄድም።»

የሙሉን ጀሶ ደግሞ አየ። «በየሳምንቱ ነው የምትጠየቀው?» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ጀሶውም የሚቀየረው በየሳምንቱ ነው።»

ሊስቅ ምንም አልቀረው። «እንግዲህ ቶሎ ትዳን» አለና ጠባቂውን ይዞ ወጣ። እትዬ ብርቄ እዚያው ባለችበት ዘፍ አለች። ማን ነው አፌን የዘጋው? ማንስ ነው የከፈተው? ስሙ ይባረክ!

ሳምንቱ ሄደ፣ ጀሶው ተፈታ፣ ታሰረ። በሚፈታበት ቀን አስካለ ጀሶውን ለብ ባለ ውሃ ታረጥበዋለች፣ እኔ ጥቅሉን እፈታለሁ። በመጨረሻ ሐኪሙ «ተረከዟ ላይ ያለችው ጅማት አጥራለች፤ ትንሽ እቆርጣታለሁ» አለን። ቢላዋ ሲባል እኔ ደጅ ወጣሁ፤ አስካለ ያዘቻት። የመጨረሻው ጀሶ ሲወልቅ ሐኪሙ የሙሉን እግር በመዳፉ ላይ አቆመው። ልጥፍ አለ። ውስጥ እግሯ መዳፉን ሞላው። «እኔ ገፋሁ፣ አሰርኩ» አለን። «እናንተ ደግሞ አልጠፋችሁም። ብዙው ወላጅ የሚጠፋብኝ መሐል ላይ ነው።» ተኝታ የምታደርገው፣ ግራና ቀኙ በብረት የተያያዘ ጫማ ሰጠንና አገራችን ገባን።

አንድ ቀን እያረስኩ ሳለ አስካለ ከቤት በኩል ጩኸቷን ለቀቀችው። ጅብ መስሎኝ በሬዎቹን እንደተጠመዱ ትቼ ሮጥኩ። ስደርስ ሙሉ ከግድግዳው ተላቃ መሬቱን ረግጣ ቆማለች። አንድ እግሯን አነሳች። ወደ እናቷ ወደቀች እንጂ ሄደች አይባልም፤ ግን በውስጥ እግሯ ነው የረገጠችው! በሬዎቼ ግን ሞፈሩን እየጎተቱ የአያ ደሳለ ባቄላ ውስጥ ገብተው ኖሯል። አያ ደሳለ ዱላቸውን ይዘው እየተሳደቡ መጡ። ከደጃፉ ሲደርሱ ሙሉ ደግማ ተነሳች። ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ። መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። «ባቄላው ይሂድ! ባቄላው ገደል ይግባ!» ይሉ ነበር። ሙሉ ወደ እሳቸው ስትሄድ እጃቸውን ዘረጉላት። ከዚያ ወዲያ ያን ጥያቄ ከአፋቸው አልሰማሁም።

ስለ እምነታችን ዋጋ ከፍለናል፤ የቤታችሁን እህል ውሃ አንቀምስም ያሉን ነበሩ። እሱም አልፏል። ሙሉ ዛሬ የልጆች እናት ናት። አልደብቃችሁም፤ ግራ ባቷ ከቀኙ ይቀጥናል፣ ብዙ ከሄደች ይደክማታል፣ ጫማ ስትገዛም ያስቸግራታል። ልጆቿ ሲያጠፉ ግን ሮጣ ትይዛቸዋለች፤ ያመለጣት የለም። ጌታ ባንድ ቀን ሲፈውስ አይቻለሁ፣ ሃሌ ሉያ! የእኔን ልጅ ግን በየሳምንቱ ነው የፈወሳት። እናንተም የጀመረላችሁ ነገር ዘገየ ብላችሁ መሐል ላይ አትጥፉ። የዘገየ ሁሉ የተተወ አይደለም። እመኑት።

አስካለ አሁን ራሷን ትነቀንቃለች፤ ረዘመ ማለቷ ነው። አንድ ነገር ብቻ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት ወጣት ባልና ሚስት ትናንት ከእኛው አገር ነው የመጡት። ልጃቸው ነገ የመጀመሪያ ጀሶውን ይታሰራል። እንድናገር ፈቅደውልኛል። አንቺ እኅቴ፣ ከገባሽ ጀምሮ ጋቢውን እየሳብሽ እግሩን ስትሸፍኚ አይቼሻለሁ። አትሸፍኚው። እዚህ የሚጠይቅሽ እንጂ የሚመረምርሽ የለም። ግለጪው ልጄ።

እንዲያ ነው። ቅዱሳን፣ ተነሱ፤ ኑ፣ እግሩን ሳሙት።